ዊንጌት ላይ ያልዘነበው ዝናብ

ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት «በአዲስ አበባ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል» ሲል፣ የሰማ ሰው ሁሉ «የትኛዋ አዲስ አበባ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ማንም አይጠይቅም። ክረምት ሲገባ ሁሉም ከደጃፉ ቀና ብሎ የራሱን ሰማይ ያያል፤ ከዚያ የከተማውን ሰማይ ሁሉ ያየ ይመስለዋል። የእንጦጦ ደመና ግን ዓመለኛ ነው። ደስ ባለው ሰፈር ይወርዳል፣ ያኮረፈውን ሰፈር ዘሎ ያልፋል። እዚህ ቦዩ ሞልቶ የሰው ጫማ ሲወስድ፣ እዚያ ማዶ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። ይህን በጉለሌ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባቸው ሰው አቶ ዳኜ ናቸው። ከማንም በላይ ያላወቁትም እሳቸው ሆነው ተገኙ።

አቶ ዳኜ ሸማኔ ናቸው። በልጅነታቸው ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሸምኑ ኖረው፣ አሁን ከመንገዱ ዳር ጋቢና ነጠላ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ወደ እንጦጦ ያያሉ። ጭጋጉ ባሕር ዛፉን ሲውጠው «መጣ! አስገቡ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሰቀለውን ቀሚስ፣ የዘረጋውን ነጠላ ይሰበስባል፤ ዝናቡም ቃላቸውን አክብሮ ይመጣል። በዚህ የተነሳ በሰፈሩ ትልቅ ከበሬታ አላቸው። ከበሬታ ደግሞ ሰው ያበላሻል። እያደር እሳቸው ያዩት ዝናብ አገር ምድሩን ሁሉ የሚያጥብ፣ እሳቸው ያዩት ፀሐይም ለሁሉ የወጣ ይመስላቸው ጀመር።

ታዲያ በዚህ ሐምሌ ትልቁ ልጃቸው ኪሩ ማግባት እንደሚፈልግ ተናገረ። ልጅቷ ኢየሩ ትባላለች። ነርስ ናት። የተዋወቁት በአብያተ ክርስቲያናት የመዘምራን ጉባኤ ላይ ነው፤ እሷ ከዊንጌት መዘምራን ጋር፣ እሱ ከሽሮ ሜዳ ጋር መጥተው። እሷ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ስላረፉ፣ ያሳደጓት አባቷ ብቻቸውን ናቸው። አባትየው አቶ ዘመንፈስቅዱስ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ።

«አባዬ፣ ስለ ሰዓት አደራህን» አለ ኪሩ። «ፈተና ላይ ያረፈደ ተማሪ አያስገቡም ነበር። ኢየሩን ራሷን አንድ ቀን ውጭ አቁመዋታል። የገዛ ልጃቸውን!»

«እኔ ክር ቆጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ዳኜ፣ ቅር ብሏቸው። «በሰዓት አልታማም።»

ቀጠሮው ለቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተቆረጠ። ሽማግሎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አቶ ዳኜ ራሳቸው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ እንድርያስ፣ ጸሎት ከጀመሩ የተቀዳ ሻይ ቀዝቅዞ የሚደፋላቸው ሰው። ሦስተኛው አቶ ለሜሳ፣ ባለ ጎሚስታ ናቸው። ማኪናም አለቻቸው፤ የሰው ጎማ ሲጠግኑ ስለሚውሉ ግን የራሳቸው ማኪና ከፋሲካ ወዲህ ጎማዋ ተንፍሶ በራቸው ላይ ተኝታለች። ስለዚህ በታክሲ ሊሄዱ ሆነ።

ያን ቅዳሜ ሦስቱም አቶ ዳኜ በሸመኗቸው አዳዲስ ጋቢዎች አምረው ከሱቁ ሲወጡ፣ እንጦጦ ላይ የነበረው ጥቁር ደመና ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በረዶ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው መደማመጥ አቃተው። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ታክሲ የሚባል ከምድረ ገጽ ጠፋ። አቶ ዳኜ መሐል መንገድ ገብተው እጃቸውን ቢያወናጭፉ፣ አንድ ሚኒባስ እንኳን ሊቆምላቸው ጎርፉን በላያቸው ረጭቶባቸው አለፈ። አጥንታቸው ድረስ ረጥበው ተመለሱና ስልካቸውን አወጡ።

«አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ ዳኜ ነኝ፣ የኪሩ አባት። እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ትንሽ መዘግየታችን ነው። ዝናቡ...»

«የምን ዝናብ?»

«ይኸው የሚዘንበው ነዋ!»

ከወዲያ በኩል በር ሲከፈት ተሰማ። «አቶ ዳኜ፣ አሁን ግቢዬ ውስጥ ቆሜያለሁ» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። «ፀሐይ ነው። ብርድ ልብስ አስጥቻለሁ።»

«ኧረ በረዶ ነው! እስቲ ይስሙት!» አቶ ዳኜ ስልኩን ወደ ቆርቆሮው ከፍ አድርገው ያዙት።

«ቆሎ እየቆላችሁ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

አቶ ዳኜ ስልኩን ዘግተው ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞሩ። «ፀሐይ ነው ይሉኛል! ሰማይ ተቀዶ እያዩ! ሰውየው ሊሰጡን አልፈለጉም ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት!» እሳቸውም እንግዲህ አላመኑም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ በታክሲ ትንሽ መንገድ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው ሌላውን ውሸታም ብለው ቆሙ። ኪሩ በረዶውን በስልኩ ቀርጾ ለኢየሩ ላከላት። አባትየው ካዩት በኋላ «መዝነቡስ ይዘንባል፤ መቼ እንደዘነበ በምን ይታወቃል? የአምናም ይሆናል» አሉ አሉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል የአቶ ዳኜ ሚስት ወይዘሮ ሰርኬ ጥሩ ምክር መከሩ። ጥሩ ምክር እንደ ወትሮው ሰሚ አጣ።

«እንደረጠብክ ሂድ» አሉ። «ያየህ ሰው ያምንሃል።»

«ሸማኔ በረጠበ ጋቢ ተኮማትሮ ልጅ ሊጠይቅ? ሰው ምን ይለኛል? ሱቄን ልዝጋው?» አሉና ከመደርደሪያው ላይ ሦስት ደረቅ ጋቢ አውርደው፣ አንዱን ለራሳቸው፣ ሁለቱን ለባልንጀሮቻቸው አለበሱ። ሱሪም ተቀየረ። ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ነው። አዲሱ ገበያ ሲደርሱ ታክሲ ለመቀየር ወረዱ፤ እዚያ ጠብታ አልወረደም፣ አቧራው ይቦናል። አቶ ለሜሳ በገዛ ዓይናቸው አቧራውን እያዩ «ይገርማል እኮ» አሉ። አቶ ዳኜ ግን ሐሳባቸው ጫማው ላይ ነበር። ሦስቱም ከሊስትሮ ፊት ተደርድረው ተቀመጡና በየተራ አስጠረጉ።

በዚህ ዓይነት እነዚያ በበረዶ ሲደበደቡ ያረፈዱ ሽማግሎች፣ የመሸ ያህል አርፍደው፣ ጋቢያቸው እንደ ሱቅ ዕቃ ታጥፎ፣ ጫማቸው እያብረቀረቀ ዊንጌት ደረሱ።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ በራፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰው የሚያዩ ናቸው። ሦስቱን ከእግር እስከ ራስ ቃኙና የአቶ ዳኜን ጋቢ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ደረቅ ነው» አሉ።

«ቀይረን ነው!»

«ጫማችሁስ?»

«አዲሱ ገበያ ላይ አስጠርገን...»

«እንግዲያው ያረፈዳችሁት ጫማ ስታስጠርጉ ነው።»

አቶ ለሜሳ ሳቅ አመለጣቸው። ነገሩን ያበላሸውም ያ ሳቅ ነው። አቶ እንድርያስ ሊያስታርቁ ብለው «እስቲ እንጸልይ» ቢሉ፣ አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

«ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ሰበብ ሲሆን አልወድም። ጨርሼ እምቢ አላልኩም። የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በአራት ሰዓት ኑ። ያን ቀን ዝናብ የሚባል ቃል ከአፋችሁ እንዳልሰማ። ካረፈዳችሁም፣ ወይ ዝናብ ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ነገሩ በዚያው ይቅር።» በሩንም ዘጉት።

ያቺ ሳምንት የጭንቅ ሳምንት ሆነች። ሊጥ እንኳን ቢያገኝ የሚበላው ኪሩ እህል አልበላም ብሎ ምሳውን ገፍቶ ይነሳል። ኢየሩና አባቷ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ጨው ከመቀባበል በቀር አይነጋገሩም። ወይዘሮ ሰርኬ ደግሞ ስሙኝ ሳይሉ፣ ድስቱን ሲከድኑም ሲከፍቱም «ለጋቢው ክብር ሲል!» እያሉ ያጉረመርማሉ። አቶ ዳኜ ከሽመና ዕቃቸው ፊት ተቀምጠው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳሉ እንጂ ልባቸው እዚያ የለም፤ ድሩ በተደጋጋሚ ይበጠስባቸዋል። አፍረዋል። ልጃቸው እንዲያ ሲከሳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቁታል፤ ያውቁታልና ለማንም መናገር አልቻሉም። «ከእንግዲህ ጠጠር ቢወርድ ዝናብ የምትል ቃል ከአፌ አትወጣም» ብለው ማሉ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሲነጋ ሽሮ ሜዳ እንደ መስከረም ጠባ። እንጦጦ ላይ ጭጋግ የለ፣ ደመና የለ፤ የባሕር ዛፉ ግንድ አንድ በአንድ ይታያል። አቶ ዳኜ በራቸው ላይ ወጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ዛሬ ጠብ አይልም!»

ይህን ሲሉ አቶ ለሜሳ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንዲያው ምናልባት...»

«ምናልባት የለም! አቶ ለሜሳ፣ ጃንጥላ ይዘን ከሰውየው ደጅ ከቆምን እኮ ስለ ዝናብ አወራን ማለት ነው። ያስቀምጡት።»

ጃንጥላው ሱቁ ውስጥ ቀረ። ወይዘሮ ሰርኬ ጃንጥላውን አዩት፣ ባላቸውን አዩ፣ ወደ ጓዳቸው ገቡ።

ሽማግሎቹ ያለወትሯቸው ማልደው ተነስተው ማልደው ደረሱ። አዲሱ ገበያ ፀሐይ ነበር። ዊንጌትም ፀሐይ ነበር። ቀድሞ መግባትም እንደ ማርፈድ ነውር ስለመሰላቸው ከግቢው ራቅ ብለው ከአጥር ሥር ቆሙና የአቶ እንድርያስን ሰዓት ከበው ማየት ያዙ። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ክፍቱን በር አንኳኩተው አለፉ።

የአቶ ዘመንፈስቅዱስ ግቢ ጠባብና ረጅም ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ በረንዳ ድረስ በግራም በቀኝም ጎመን ተተክሏል። በረንዳው ላይ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል፤ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ናት። ሦስቱ ሽማግሎች ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ እንደ ደንቡ ቆመው እጅ ነሱ።

ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። ከጀርባቸው፣ ከመንገዱ በኩል፣ አጥሩን ዘሎ። ወርዶ ወርዶም የግቢው መሐል ሲደርስ ቆመ። በበሩ በኩል ያለው ጎመን ይደበደባል፤ በቤቱ በኩል ያለው ጎመን ፀሐይ ይሞቃል። በክረምት ጉለሌ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ ሦስት ሽማግሎች ከነጋቢያቸው ከክፉው ወገን ቆመው ማየቱ ግን ብርቅ ነው።

አቶ ዳኜ መሐላቸውን አስታወሱ። ሁለቱን ባልንጀሮቻቸውን በክፉ ዓይን ገላመጧቸው፤ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቃል እንዳይወጣችሁ!

«በሰዓታችሁ ደረሳችሁ» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከበረንዳው። «ደስ ይላል። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ምላሽ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ ዳኜ። ይህ የሽምግልና ወግ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አጭር ወግ ነው። ዛሬ ግን ውኃው ከኮፍያቸው ወደ አንገታቸው፣ ከአንገታቸው ወደ ጀርባቸው ይወርዳል። ጋቢ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ትከሻ ይሰብራል።

አቶ እንድርያስ ንግግሩን ጀመሩ። ስለ ጋብቻ ቅድስና፣ ስለ ይስሐቅና ርብቃ፣ ስለ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ፍቅር። ከአፍንጫቸው ጫፍ ውኃ እየተንጠባጠበ ርብቃ እንስራዋን ይዛ ከጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ፣ አቶ ለሜሳ በዓይናቸው ተማጸኗቸው። አቶ እንድርያስ ግን መጽሐፍን አሳጥረው አያውቁም።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ፀሐይዋ ዓይናቸውን ስላወከቻቸው በእጃቸው ጋርደው አዩ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አሉ አቶ ዳኜ። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ረጥባችኋል እኮ!»

«እንዲያ ይመስላል።»

«ከምን?»

አቶ ዳኜ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ «እንዳንናገረው አዘውናል» አሉ።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ተነሱ። ከበረንዳው ወርደው በደረቁ መሬት፣ በጎመኑ መሐል ቀስ እያሉ መጡ። ፀሐይዋ አልተለየቻቸውም። የግቢው መሐል ሲደርሱ፣ ደረቁ አፈር አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ። ረጠበ። መልሰው ሰበሰቡት። እንደገና ዘረጉት። ሂሳብ አስተማሪ ናቸውና አንድ ጊዜ አይበቃቸውም። ወደ ኋላ ዞረው በረንዳቸውን አዩ፤ ወደ ፊት ዞረው ሦስቱን አዩ። ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቢዘረጉ ይጨባበጣሉ፤ አንዱ ክረምት ውስጥ ነው፣ አንዱ በጋ ውስጥ።

አቶ ዳኜ አሸንፈዋል። ይህን ቀን ሳምንቱን ሙሉ በሐሳባቸው ሲመኙት ነበር፤ ሰውየው ሲያፍሩ ሊያዩ፣ «አላልኩዎትም!» ሊሉ። ግን ከወዲያኛው ሰው ፊት ላይ ያዩት እፍረት አልነበረም። አፋቸው ላይ የደረሰውን ቃል ዋጡት።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዝናቡ ገቡ። ሸሚዛቸው ወዲያው ትከሻቸው ላይ ተጣበቀ።

«ያን ጊዜም አምኛችሁ ነበር» አሉ። «ቪዲዮውን ያየሁ ዕለት። እናንተ በረዶ፣ እኔ ፀሐይ። እስክትመጡ ድረስ ያሰብኩት እሱን ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ኢየሩን የመታት ዝናብ ሁሉ እኔንም መትቶኛል፤ ትምህርት ቤት ሳደርሳት፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ። ልብሷ ረጥቦ ከሆነ ገና ሳትገባ አውቀዋለሁ። እናንተ ጋ ከመጣች ግን እሷ በረዶ ሲወርድባት እኔ እዚህ ብርድ ልብስ ሳሰጣ ልገኝ ነው። መርጠቧን አላውቅም። ይህን ሳስበው ሆዴ ባሰኝና በእናንተ ላይ ሰበብ ፈለግሁ።»

አቶ ለሜሳ እንኳን አልሳቁም። አቶ እንድርያስ ርብቃን ከነእንስራዋ ትተው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አቶ ዳኜ ሦስት ልጅ አሳድገዋል፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ከአጠገባቸው ያልራቁ። እንዲህ ያለውን ነገር አስበውት አያውቁም፤ አለማሰባቸውም አሁን አሳፈራቸው። ልጅ ጠይቆ መውሰድ ጋቢ አሳምሮ የሚሄዱበት ደስታ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

የቤቱ መስኮት በድንገት ተከፈተ። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ሲነጋገር ብቅ ማለት ያልነበረባት ኢየሩ እስከ ወገቧ ወጣች።

«አባዬ! ምን እያደረክ ነው? ያ ሁሉ ሳል ባለፈው ሳምንት ነው የለቀቀህ! ዝናብ ላይ በሸሚዝ? ግባ አሁኑኑ፣ ግባ ብያለሁ!»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንኳን ሳያዞሩ ፈገግ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል።

«ሰሙ አይደል?» አሉ ወደ አቶ ዳኜ ጠጋ ብለው። «ይህን ቁጣ ነው እኮ የምትወስዱብኝ።»

አቶ ዳኜ የሽምግልናውን ንግግር፣ መሐላውን፣ የእንጦጦንም ጭጋግ ረሱት። የሰውየውን የረጠበ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሲዘንብ እንልክልዎታለን» አሉ። «መጥታ ትቆጣዎታለች።»

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ትንሽ አሰቡ።

«የት ሲዘንብ?»

«የትም ሲዘንብ» አሉ አቶ ዳኜ።